ባልና ሚስት ሆኖ የገጠር ሙያ ማሠልጠኛ ድርጅት ማቋቋም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሀዋሳ ነው። እሱ ብረታ ብረት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአካባቢያችን ባሉ የሲዳማ ቀበሌዎች የእጅ ሙያ የሚያሠለጥን አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከከፈትን ወዲህ ጥያቄው በዝቶብናል፤ ከዘመድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ውጭ አገር ካሉ ጓደኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እኛም ልንጀምር አስበናል» ከሚሉ ባለትዳሮች። መልሱን በየስልኩ ከመደጋገም እዚህ ማስፈሩ ይሻላል ብለን ነው። ሕግ ነክ የሆነው ከአዋጅ የተወሰደ ነው፤ የቀረው የኛ አስተያየት ነው፤ ባትስማሙበት አንቀየምም።

ሁለት ሰው ብቻ ሆነን ድርጅት ማቋቋም እንችላለን?

ትችላላችሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚጠይቀው ቢያንስ ሁለት መሥራች ነው፤ በፈቃድ የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ፣ ከፖለቲካ ፓርቲ ነጻ የሆነ ይሁን ይላል። ባልና ሚስት አትሁኑ የሚል ነገር የለበትም።

መሥራቾቹ ሁለት ናቸው ማለት ግን ድርጅቱን ሁለታችሁ ብቻ ታዝዙበታላችሁ ማለት አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመቸው በቦርድ የሚመራ ድርጅት የሚባለው አደረጃጀት ነው፤ እዚያ የመጨረሻው ቃል የቦርዱ ነው። ማኅበር ካላችሁት ደግሞ የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አባል ማሰባሰብ፣ ጉባኤ መጥራት፣ ምልዓተ ጉባኤ መቁጠር ይከተላል። ብዙ አባላት ይዞ መሥራት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ ለኛ ግን አልተስማማንም።

ለማመልከት የምሥረታ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች መታወቂያ ቅጂ፣ የድርጅቱ ስም፣ ዓላማው፣ የሚሠራበት ቦታና መተዳደሪያ ደንቡ ይቀርባል። አደራ፣ ደንቡን ከሌላ ድርጅት ገልብጣችሁ ስሙን ብቻ አትቀይሩ። ከዓመት በኋላ ቦርዱ ሲከራከር የሚነበበው እሱ ነው፤ «የእንስሳት ጤና ባለሙያው ኃላፊነት» የሚል አንቀጽ በእንጨት ሥራ ድርጅት ደንብ ውስጥ ተገኝቶ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ምዝገባው እዚሁ ክልል ነው ወይስ አዲስ አበባ?

እንደምትሠሩበት ቦታ ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት በዚያው ክልል ሕግ ይመዘገባል፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው።

ለሌላ ከተማ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለሀዋሳ ሰው ግን ልብ ማለት ይጠይቃል። ወደ ሻሸመኔ ስትወጡ ጥቁር ውሃን አልፋችሁ ብዙም ሳትርቁ ኦሮሚያ ናችሁ። «ሀዋሳና አካባቢው» ብላችሁ ዓላማችሁ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት የምትሠሩባቸውን ቀበሌዎች በስም ዘርዝሩና የየትኛው ክልል እንደሆኑ እዩ። እግረ መንገዴን፦ ናሙና ሰነድ ከሰው ስትቀበሉ አድራሻውን አንብቡ። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክልል ከሆነ በኋላም «ደቡብ ክልል፣ ሲዳማ ዞን» የሚል ቅጽ ከሰው ሰው ሲዞር ይታያል።

ባልና ሚስት መሆናችሁ አያጠራጥርም?

ያጠራጥራል፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ለጋሽ ሲያየን መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «የሁለቱ ኪስ አንድ ነው» የሚል ነው፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ታማኝ ነን ብሎ ከመማል ይልቅ ብንፈልግ እንኳ መስረቅ የማያስችል አሠራር መዘርጋት ይቀላል።

የመጀመሪያው ነገር የባንክ ፊርማ ነው። ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር፤ ሁለቱ ግን ባልና ሚስት አይሁኑ። አንዱ ከናንተ፣ ሌላው ከቦርድ። ቦርዱን የሚመራው ሰው ደግሞ የሥጋ ዘመድም የጋብቻ ዘመድም፣ ሚዜም ያልሆነ ይሁን። ሰብሳቢያችንን የመረጥነው እኛን ፊት ለፊት «አይሆንም» ሲል ስላየነው ነው። አንዳንዴ ያናድደናል።

ከሁለት አንዳችሁ ብቻ ደመወዝተኛ ሁኑ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ደመወዙን የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ ሲወስን ሁለታችሁም ከክፍሉ ውጡ፤ መውጣታችሁም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ደመወዝ ከተከፈለ የሥራ ግብር አለ፤ የጡረታ መዋጮም አለ፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ። «ባለቤቴ ናት፣ እጇ ላይ ልስጣት» የሚባል ነገር የለም።

ቤታችሁን ቢሮ ካደረጋችሁ ያለ ኪራይ የሰጣችሁ መሆኑን የሚገልጽ ውል ጻፉ፤ የመብራቱና የውሃው ክፍያ እንዴት እንደሚታሰብም በውሉ ውስጥ ይግባ። የድርጅቱ ሞተር ሳይክል የጉዞ መዝገብ ይኑረው፤ እሑድ ልጅ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚደርሰው በሱ አይደለም። ይህን የመሰለው ትንሽ ነገር ነው የድርጅትን ስም የሚያጠፋው፤ መንደርተኛው የሚያየው የባንክ ሒሳባችሁን ሳይሆን ሞተሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው።

ብትጣሉስ? ብትፋቱስ?

ይህን የምትጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ አማቴ ናት። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ የድርጅቱ ሀብት ግን የጋራችንም የግላችንም አይደለም። ብንፋታ መጋዙና የብየዳ ማሽኑ አይካፈሉም፤ ድርጅቱ ቢፈርስም ዕዳው ተከፍሎ የተረፈው ለመሥራቾች አይመለስም። መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አንድ መሥራች ቢለቅ ሥራው ለማን እንደሚተላለፍ የሚናገር አንቀጽ አስገቡ። ሲዋደዱ የሚጻፍ አንቀጽ ነው።

የትኛውን ሙያ እናሠልጥን?

ረጅም መልስ የሚያስፈልገው ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ገጠሩ የሥልጠና ድርቅ የለበትም። ሥልጠና ይመጣል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። የሚጎድለው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለዚያ ሙያ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ገበያ ዋሉ። ለኩ፣ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ የትም ይሁን፣ የገበያውን ቀን ጠብቃችሁ ሂዱና አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ሰው ለማስጠገን ወደ ከተማ የሚጭነው ምንድን ነው? አይሱዙ ላይ የተጫነ ጄኔሬተር፣ በባጃጅ የታቀፈ የወፍጮ ሞተር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ፣ ባትሪው የሞተ የሶላር መብራት፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ሞተር ሳይክል። ሰውዬው ለጥገናው ብቻ ሳይሆን ለትራንስፖርቱም ይከፍላል፤ የሥራ ቀኑንም ይከስራል። ያ ብልሽት እዚያው መንደር የሚጠገን ከሆነ የሚከፍል ደንበኛ አስቀድሞ አለ ማለት ነው። ቀጥላችሁ ደግሞ ከተማ የሚሠሩትን ባለሙያዎች «ከገጠር የሚመጣላችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በነጻ ይነግሯችኋል።

በቡናማው ወረዳ የገንዘቡ ወቅት ይታወቃል። ቡናው ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ በርና መስኮት ይታዘዛል፣ ግድግዳው ይለሰናል። ስለዚህ ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ አናጢና በያጅ እዚያ ሥራ አያጣም። ደጋው ላይ፣ ሁላና አርቤጎና ስትወጡ፣ ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ቀርከሃ አለ። ቀርከሃ ሠሪው ራሱ አለ፣ ቅርጫቱንም አጥሩንም ከማንም በላይ ያውቅበታል፤ የጎደለው ተባይ እንዳይበላው ማከምና ከተማ ሰው የሚገዛው ወንበር ወጥ ልክ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ለሱ «ቀርከሃ ሥራ እናስተምርህ» ማለት ነውር ነው፤ የሜትርና የስኳድራ አጠቃቀም ግን በደስታ ይማራል።

መብራት በሌለበት ቀበሌ ብየዳ ለማስተማር ጄኔሬተር ትወስዱ ይሆናል። ውሰዱ፤ ግን ሥልጠናው ሲያልቅ ጄኔሬተሩ አብሯችሁ የሚመለስ ከሆነ በያጁ ሙያውን ይዞ ወደ ከተማ ይከተላችኋል። በሴጌቶ፣ በሞረድ፣ በመላጊያ የሚሠራ ሥራ መጀመሪያ ይምጣ።

የልብስ ስፌትስ? ሁሉም የሚያሠለጥነው እሱን ነው።

ለዚያ ነው የምጠነቀቀው። መንደር ውስጥ አዲስ ልብስ ከሚሰፋው ሰው ጋር የሚፎካከረው ሌላ ሰፊ ሳይሆን ገበያው ላይ የተዘረጋው ሳልቫጅ ነው። በሳልቫጅ ዋጋ ሸሚዝ ሰፍቶ የሚያተርፍ የለም። ሳልቫጁን ማጥበብና ማሳጠር ግን ሥራ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርምም በሐምሌና በነሐሴ ትልቅ ሥራ ነው። ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ጋር አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ግን ዩኒፎርሙን የከተማ ነጋዴ ይወስደዋል።

«ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ አይደል?» የሚሉን አሉ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ጀምሮ ዋና ሥራው ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው፤ ብዙ የገጠር ሴት ልጆችንም ቀጥሯል። ግን የፋብሪካ መስመር ላይ አንዷ ኪስ ብቻ፣ አንዷ እጅጌ ብቻ ነው የምትሰፋው፤ ይህን ፋብሪካው ራሱ ያሠለጥናል። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደዚያ ከመላክ፣ ስትታገድ ደግሞ ወደዚያ ገበያ የሚልኩ ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደተናጉ አይተናል። መንደር ለምትቀር ሴት ሙሉ ልብስ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ መጨረስ የምትችልበትን ሙያ፣ በእግር በሚረገጥ ማሽን አስተምሩ።

ኮሌጅ እያለ ለምን መንደር ድረስ?

ሀዋሳ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለን፤ ጥሩ ወርክሾፕ፣ ጥሩ መምህራን። ጥያቄው ማን ይደርስበታል ነው። ኮሌጁ የትምህርት ማስረጃና የመግቢያ ውጤት ይጠይቃል፤ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ በዚያ በር አይገባም። ማስረጃ ቢኖረው እንኳ ሀዋሳ ቤት ተከራይቶ መብላት አለበት። ሁለት ልጅ ያላት እናት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እኛ የምናሠለጥነው እነዚህን ነው። ከኮሌጁ ጋር አንፎካከርም፤ እንዲያውም አንዳንድ አሠልጣኞቻችን ከዚያ የወጡ ልጆች ናቸው።

የምትሰጡት ሰርተፊኬት ዋጋ አለው?

የኛ ወረቀት መካፈሉን ብቻ ይመሰክራል። ደረጃ ያለው መደበኛ ሥልጠና፣ ማለትም ከደረጃ 1 እስከ 5 የሚባለውን፣ ለመስጠት የዕውቅና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኛ የለንም፣ አለን ብለንም አንጽፍም። እናንተም አትጻፉ።

ግን መንገድ አለ። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የሚመዝነው የት እንደተማርክ ሳይሆን ምን እንደምትችል ስለሆነ፣ ሙያውን ከአባቱም ከጎረቤቱም የቀሰመ ሰው ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል። ሁሉም ሲኦሲ የሚለው ማለት ነው። ስለዚህ ሥልጠናችሁን ከወጣው የሙያ ደረጃ ጋር አመሳስላችሁ አዘጋጁት፤ ከዚያ የፈለገ ይመዘን። መንደር ሆኖ ቤት ለሚገነባ ሰው ሲኦሲ ግድ አይደለም። ለኮንትራክተር መቀጠር፣ ማኅበር ገብቶ ጨረታ መወዳደር ለሚፈልግ ግን ያስፈልገዋል። የምዘናውን ክፍያና የትራንስፖርቱን ወጪ በበጀታችሁ ያዙ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ፈተናውን ፈርቶ ሳይሆን መሳፈሪያ አጥቶ ነው።

አሠልጣኝ ከየት ታመጣላችሁ?

ከተቻለ ከዚያው ወረዳ። ከከተማ የመጣ መምህር በአማርኛ ሲያስረዳ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ማን እንደገባው የሚታወቀው መሣሪያ ሲይዙ ነው። በሲዳሙ አፎ፣ ማለትም በሲዳምኛ፣ የሚያስረዳ፣ ሲቀልድም በሲዳሙ አፎ የሚቀልድ ግንበኛ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን በአንድ ሰዓት ያስጨብጣል።

አንዱን አሠልጣኝ ልንገራችሁ። ትምህርቱ ሲጀመር ቱንቢውን፣ የግድግዳን ቀጥታ የሚለካበትን ባለ ክብደት ገመድ፣ አውጥቶ ለማንም አያሳይም። ሠልጣኞቹ ግድግዳውን በዓይናቸው ብቻ እስከ ወገብ ድረስ እንዲክቡ ያደርጋል። ሁሉም «ቀጥ ብሏል» ብለው ከተማማሉ በኋላ ቱንቢውን ከላይ ይለቀዋል። ገመዱ ከታች ከግድግዳው ሦስት ጣት ይርቃል። ሳቅ ይሆናል፤ ከዚያ አንድ በአንድ አፍርሰው እንደገና ይክባሉ። ሲሚንቶ ስለማይጠቀሙ፣ ጭቃ ስለሆነ፣ ኪሳራ የለውም። ይህን የሚያስተምር ማኑዋል አላየሁም።

ሥልጠናው መቼና የት ይሰጥ?

ቦታው ቀላል ነው፦ በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ከልማት ሠራተኞቹና ከቀበሌው ጋር ከተስማማችሁ አዳራሹ ባዶ የሚሆንበት ቀን አይጠፋም።

ጊዜው ነው ከባዱ። ከጥቅምት አንሥቶ ቡና ይለቀማል፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከዚያም በላይ። በዚያ ወቅት ሥልጠና የሚጠራ ድርጅት ቡና የሌለውን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። በክረምት መንገዱ ይዘጋል፤ መኪናው ከተያዘ ያን ቀን ሠልጣኙ እናንተን ሲገፋ ይውላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጨምበላላ ሰሞንም አትሞክሩት። እኛ አመቺ ያገኘነው ከቡናው ማግስት እስከ በልጉ ዝናብ ያለውን ጊዜ ነው። ያኔ ገንዘብ አለ፣ ግንባታ አለ፣ ሠልጣኙ የተማረውን ወዲያው የሚሠራበት ቤት አያጣም። የገበያ ቀንና እሑድ ይዘለላል።

ሴቶች ለምን ይመዘገቡና ይቀራሉ?

ሥራ ስላለባቸው ነው። ውሃ፣ ማገዶ፣ ልጅ፣ ከዚያ እንሰቱ። እንሰት ሲፋቅ አንድ ሴት ብቻዋን አትሠራም፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ነው፤ እሷ «ሥልጠና አለኝ» ብላ ብትቀር ነገ ለሷ የሚመጣላት የለም። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠርተን ለምን አልመጣሽም ማለት አይገባም። አራት ተኩል ላይ ጀምረን ስምንት ሰዓት ላይ መልቀቅ ከጀመርን ወዲህ ሴቶቹ ይቆያሉ። ሕፃናቱን የምትጠብቅ አንዲት ሴት መቅጠር ደግሞ ከማንኛውም «የሥርዓተ ፆታ ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይበልጣል። ወጪው ትንሽ ነው፤ በጀት ላይ ሲያዩት ግን ለጋሾች ይገርማቸዋል።

ቤተሰብ ልጁን ለእጅ ሙያ አልልክም ቢልስ?

ይላል። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ ተብሎ መሰደብ በብዙ ቦታ ገና አልሞተም፤ ከነዚህ ቤተሰቦች ጋር መጋባት የማይወድ አለ። አባት «ልጄን ብረት ቀጥቃጭ ልታደርጉት ነው?» ብሎ ከዕቃው ጭምር ይዞት የሄደበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ሙያውን ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት ቤተሰቦች «የኛን ሥራ አሁን ሌላው ሊማረው ነው፣ እኛስ?» ይላሉ፤ ይኼኛው ቅሬታ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል። እነሱን ሠልጣኝ ሳይሆን አሠልጣኝ ማድረግ፣ እንደማንኛውም አሠልጣኝ መክፈል፣ ምረቃ ላይ ከፊት ማስቀመጥ ነው ያዋጣን። በንግግር የተለወጠ ሰው ብዙ አላየሁም። ልጁ በያጅ ሆኖ የአባቱን ቤት ቆርቆሮ ሲገዛ ግን አባትየው ራሱ ሌላውን ልጁን ያስመዘግባል።

ለሠልጣኞች አበል ትከፍላላችሁ?

አንከፍልም። ምሳ እናበላለን፤ ሩቅ ለሚመጣ መሳፈሪያ በቴሌብር እንልካለን። አበል ሲኖር አበሉን የሚሠለጥን ሰው ይመጣል፤ የቀበሌ ባለሥልጣን የአጎት ልጅ መጀመሪያ ይመዘገባል። ሌላ ድርጅት ከፍሎ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ክፍል ይወጣል። ይውጣ። የቀረው ግማሽ ነው የምንፈልገው።

መሣሪያ በነጻ ትሰጣላችሁ?

በዱቤ። ሠልጣኙ ከሥራው እየከፈለ ይጨርሳል፤ የተመለሰው ለሚቀጥለው ዙር መሣሪያ ይገዛል። ሦስት አራት ሆነው ዕቁብ የሚጥሉ ቡድኖች ቶሎ ይጨርሳሉ። በነጻ የተሰጠ መሣሪያ ቶሎ ይሸጣል፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጅ ታሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መጋዝ ካለ እኔም እሸጠዋለሁ። የከፈለበት ከሆነ ግን ቀድሞ ሌላ ነገር ይሸጣል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ከተተወ በኋላ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በዓመቱ መጀመሪያ በብር ያቀዳችሁት በዓመቱ መጨረሻ ግማሹን ላይገዛ ይችላል። የፕሮጀክቱ ገንዘብ እንደገባ መሣሪያውን ግዙና መጋዘን አስገቡ፤ ከለጋሽ ጋር ስትስማሙም ከገንዘቡ ጎን የዕቃውን ብዛት አስፍሩ።

20 በመቶ የሚባለው ምንድን ነው?

በአዋጁ መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቢሮ ኪራይ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስልክ፣ የባንክ አገልግሎት የመሳሰለው እዚህ ውስጥ ነው። የአሠልጣኝ ክፍያ፣ የሥልጠና ጣውላና ብረት የሥራው ወጪ ነው። ሒሳብ ሠራተኛችሁ ከመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ለይቶ ይመዝግብ፤ የኦዲት ሰሞን ደረሰኝ አንድ በአንድ እያነሡ «ይህ ናፍጣ ለቢሮ ነበር ወይስ ለአለታ ወንዶ?» መባባል የሰው ዕድሜ ይበላል።

ገቢ ማስገኛ ሥራም ይፈቀዳል። ሠልጣኞች የሠሩትን ወንበርና በር መሸጥ ትችላላችሁ፤ ትርፉ ወደ ድርጅቱ ዓላማ ይመለሳል እንጂ ለመሥራች አይከፋፈልም።

ከወረዳው ጋር እንዴት ነው?

የሚመለከተው ቢሮ ሳያውቅ ቀበሌ አትግቡ። የስምምነት ሰነድ ተፈራረሙ፣ ሪፖርት በጊዜው ስጡ፣ ደብዳቤ ስታስገቡ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመቱ። ኃላፊው ስብሰባ ነው ይባላል፤ ነገም ስብሰባ ነው። ታገሡ። ኃላፊዎች ይቀያየራሉና ስምምነቱ በቃል ብቻ ከሆነ ከሰውዬው ጋር አብሮ ይዛወራል።

የዕድሜ ገደብ አላችሁ?

ከ15 ዓመት በታች አንቀበልም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም መቅጠር የማይቻልበት ዕድሜ ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉትን ብየዳና መጋዝ ማሽን ላይ አናስቀምጥም። ከላይ ገደብ የለንም፤ ጺማቸው የነጣ አናጢ አሉን፣ መላጊያ አሳሳል ለመማር ነው የመጡት።

ሠልጣኙ ሙያውን ይዞ ሀዋሳ ቢገባስ? ለመንደሩ አልነበረም?

ይግባ። አንዳንድ ለጋሽ ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል፤ እኔ አልቆጥረውም። ሙያ ሳይኖረው ሀዋሳ ገብቶ ሎተሪ ከሚያዞር፣ በያጅ ሆኖ ቢገባ ይሻላል። መንደሩ የሚጎዳው ሁሉም ሲሄድ ነው፤ ለዚያ ነው መንደር ውስጥ ገበያ ያለውን ሙያ እንምረጥ የምንለው። የሚበቃ ሥራ ካለ ብዙው አይሄድም፤ መሬት አለው፣ እንሰት አለው፣ ቤተሰብ አለው።

ከተማ ሆነን በምን እንርዳችሁ?

አሮጌ ኮምፒውተርና ያገለገለ ልብስ አታምጡልን፤ ማስቀመጫ የለንም። የምንፈልገው ሞረድ፣ ሴጌቶ፣ ፒንሳ፣ ቺያቬ፣ ውሃ ልክ፣ ፍራታሶ፣ ያልተሰበረ የእግር ስፌት ማሽን ነው። ባለሙያ ከሆናችሁ ቅዳሜያችሁን ስጡን፤ የሞተር ሳይክል መካኒክና የሶላር ባለሙያ ሁልጊዜ ይጠፉብናል። ድርጅት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ በገቢ ግብር ሕጉ ለበጎ አድራጎት የሰጣችሁት እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢያችሁ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ሊያዝላችሁ ስለሚችል፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ደረሰኙን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ስሙን በንግድ ፈቃዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ አስጽፉ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁንም ይዛችሁ ኑ።